ሰሎሞን ታፓን ተብሎ ይነበብ

ጥቅምት 4፣ ከሰዓት

ጌሾ ገዝቼ ተመለስኩ። ለጠላ ነው ብዬ እየነገርኳት ሴትዮዋ የጠጁን እንጨት ልትሸጥልኝ። መለስኩባት። ብቅሉ ደርቋል፤ ማስፈጨት ይቀረኛል። ኅዳር 9 የልጄ ሙት ዓመት ነው።

የተናደድኩት ግን በጌሾው አይደለም፣ ማስታወሻዬ። የዕድራችን ጸሐፊ ጋሽ ይርጋ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። በቀብሩ ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪክ አልጣልኩትም፣ ለሙት ዓመቱም ይሆናል አሉና ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ሰጡኝ። ደግ የሠሩ መስሏቸዋል። አመስግኜ ተቀበልኩ።

በቀብሩ ዕለት ምን እንደተነበበ አላውቅም። ሴቶች በብብቴ ገብተው ይዘውኝ ነበር። የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ቃል አይሰማኝም። ዛሬ፣ በዓመቱ፣ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

«ዲያቆን ሰሎሞን አድማሱ፣ ከአባታቸው ከአቶ አድማሱ...» ብሎ ይጀምራል።

አድማሱ የኔ አባት ነው! የኔ! የልጄን አባት አጥፍተው አያቱን አባት አድርገውለታል። ታዲያ እኔ ለሰሎሞን ምኑ ነኝ? እኅቱ?

ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ጥቅምት 5፣ ጠዋት

ደግሜ አነበብኩት። ከትናንት ይብሳል።

«ዲያቆን» ይላል። ሰሎ ዲያቆን ሆኖ አያውቅም። «በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር» ይላል። የምን የግል ሥራ? ሱቅ ነበረው? በግ ይነግድ ነበር? ቤዝ ጊታር የሚል ቃል የለም። ባንድ የሚል የለም። የአባቱ ስም፣ ታፓን የሚል የለም። «በድንገተኛ አደጋ» ይላል፤ የት እንደሆነ እንኳ አይናገርም። ዛሪማ ሠርግ አጫውቶ ሲመለስ ሊማሊሞ ላይ ነው መኪናው የተገለበጠው። ሙሽሮቹን ሲያስጨፍር አድሮ። ይህም ነውር ነው?

ጋሽ ይርጋ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚጽፉት። ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ በሥራው ታታሪ። ለጋሪ ነጂውም እንዲያ፣ ለዳኛውም እንዲያ። ስም ብቻ ይቀይራሉ። ይህን ስም ግን ከራሳቸው አላመጡትም። ማን እንደሰጣቸው አውቃለሁ።

ጥቅምት 8

ከቤ/ክ መምጣቴ ነው። አያ መርሻ ዘንድ ሄጄ ነበር። አያ መርሻ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ የደብራችን መሪጌታ። አባታችን ካረፈ ወዲህ እንደ አባት ነው የማየው። ፊቱ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ዛሬ አደረግሁ።

ምነው አያ፣ ልጄን ያለ አባት ቀበርከው? አልኩት።

«ቀስ በይ እማዋይሽ፣ ዛፉ ስር ሰው አለ» አለኝ። ታፓን ያልተጠመቀ የውጭ ሰው ነው፣ ስሙ በዐውደ ምሕረት ይጠራ ወይ ነው ነገሩ። የአባታችን ስም ምን ጎደለው፣ ሸጋ ስም አይደለም ወይ ይለኛል። ያንቺኑ ልጅ ላክብር ብዬ ነው ይላል።

ጊታሩስ? አልኩት። እሱን ሲሰማ ሳቀብኝ። የመሸታ ቤት ጨዋታ በሙታን ፊት ይነበባል ወይ አለ። ቀጥሎ «እስኪ የመታውን አሰሚኝ» አለኝ።

ስልኬን አወጣሁ። ሰሎ ከመሞቱ በፊት ከባንዱ ጋር የቀረጸው ዘፈን አለ፤ ከሞተ በኋላ ነው የወጣው። አያ መርሻ ጥምጣሙን ገለጥ አድርጎ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ሰው እንዳያየው ወደ ግንቡ ዞሮ። እስከ መጨረሻው ሰማ፣ መቼም አይዋሽም።

«ዘፋኟን ሰማኋት» አለኝ። «ድምፅ አላት። ማሲንቆውንም ሰማሁ። ያንቺ ልጅ የታለ?»

ስልኩን ከእጁ ወሰድኩ።

«ለማይሰማ ሥራ ነው እንዴ እንዲህ የምትቆጪኝ?»

ማስታወሻዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ። እኔም በዚያ ዘፈን ውስጥ ልጄን ሰምቼው አላውቅም። ዓመቱን ሙሉ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ።

ጥቅምት 11፣ ጠዋት

ብቅሉን አስፈጨሁ። ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ታፓንን ሳስብ ቆየሁ። አንቺ እንኳ እወቂው።

ኮሌጅ ሒሳብ ሊያስተምር ነው የመጣ። እናቴ ግቢ ቤት ተከራየ። እኔ ያኔ ሆስፒታል አንሶላ ሰፊ ነበርኩ። ልጆች «ህንዱ! ህንዱ!» እያሉ ይከተሉታል። እሱ ይቆማል፣ እንደ ክፍል ውስጥ ጣቱን ያነሳል፣ «ቤንጋሊ» ይላል፣ አብረው እንዲሉ ያደርጋል። ህንድ ሰፊ ነው፣ እኔ ከኮልካታ ነኝ፣ ቋንቋዬም ሌላ ነው ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ቤንጋሊ አለው።

አማርኛውን ከሴቶች ስለተማረ ለሁሉም «አንቺ» ነው። አያ መርሻን መጀመሪያ ሲያገኘው እጁን ዘርግቶ «አንቺ ደህና ነሽ?» ብሎታል። እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ጓዳ ገባች። አያ መርሻ እስከ ዛሬ አልሳቀም።

ረጅም ጥቁር ሣጥን ይዞ ነው የመጣ። ክራር ይሆን ብለን ነበር። አራት ወፍራም ጅማት ያለው ጊታር ነው። በወጣትነቱ ቀን እየተማረ ማታ ሆቴሎች ውስጥ ከባንድ ጋር ይመታ ነበር። በኋላ አባቱ ጨከኑበት፣ መምህር ሆነ። እኛ ዘንድ ማጉያ ስላልነበረው ብቻውን ይነካካዋል፤ ከአጠገቡ ካልተቀመጡ አይሰማም። የማይሰማ ነገር እንዴት ያስደስታል ብዬ አሾፍበት ነበር። ይኸው እኔም እንደ አያ መርሻ ብያለሁ።

በማዘጋጃ ተጋባን። ሰሎ ተወለደ። በዐርባው ተጠመቀ፣ ታፓን ራሱ ነው ታክሲ የጠራልን። ልጁ ሦስተኛ ክፍል ሳለ ታፓን ለልብ ሕክምና አገሩ ሄደ። እዚያው አረፈ። እኅቱ ደወለች። እሷ በቋንቋዋ አለቀሰች፣ እኔ በቋንቋዬ። ተግባባን።

ሣጥኑን ሰሎ ከፈተው። ማጉያ ስለሌለ አገጩን እንጨቱ ላይ አስደግፎ ይመታ ነበር። ምን ታደርጋለህ ስለው በጥርሴ እየሰማሁት ነው ይለኛል።

ይህ ሰው ነው በሕይወት ታሪኩ ውስጥ የሌለው።

ጥቅምት 15

ስልኩን ይዤ ዋልኩ። ቤቴ የሐዘን ቤት ነው፤ ዓመቱ እስኪሞላ ሬዲዮ አይከፈትም፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ነጠላ ጣል ተደርጓል። የሰሎ ትልቁ ስፒከር በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ጓዳ ቆሟል። ዘፈኑን የምሰማው በስልክ ነው፣ ድምፁን ቀንሼ፣ ጎረቤት እንዳያማኝ በነጠላዬ ተከናንቤ።

ዛሬም ሰማሁ። ዘፋኟ አለች። ማሲንቆው አለ። ኪቦርዱ አለ፣ ጭብጨባው አለ። ልጄ የለም።

አሁን ገባኝ። አውጥተውታል። አንድ ጊዜ አ.አ. ስቱዲዮ ሄዶ እንዲሁ አድርገውታል። ቀኑን ሙሉ ሲመታ ውሎ ሲያበቃ፣ ቤዙን ኪቦርዱ ይሠራዋል፣ ወጪ ይቀንሳል አሉት። አብዛኛው ስቱዲዮ እንዲህ ነው አለኝ ሰሎ። ተመልሶ መጣና ጊታሩን ለሳምንት ያህል አልነካውም።

እዚህስ? ኪቦርዱን የመታው ዳኒ ነው። ጓደኛው! እቤቴ የበላ፣ የጠጣ! ሰሎ ሲሞት ቦታውን በጣቱ ሞላው ማለት ነው። ሕይወት ታሪኩን ወንድሜ ፋቀው፣ ሥራውን ጓደኛው ፋቀው። ነገ እዚሁ ከተማችን ፒያሳ እወርዳለሁ።

ጥቅምት 16፣ ማታ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሚኒባስ ይዤ ፒያሳ ሄድኩ። ዳኒም መኪናው ውስጥ ነበር፤ ከአደጋው በኋላ ግራ እጁ እንደ ልቡ አይታጠፍም፤ ሞባይል ቤት ተቀጥሯል። ሱቁ ሰው ሞልቶበታል። ሰላምታም አላስቀደምኩ። ልጄን የት አደረስከው አልኩት። ከዘፈኑ አውጥተህ በጣትህ ተካኸው፣ ሳይበርድ፣ አፈሩ ሳይደርቅ! ጮኼ ነበር። ሴቶቹ ወደ ግድግዳ ሸሹ። አንዱ የስልክ ሽፋን ሊገዛ የመጣ ሰውዬ «እማማ፣ ብር በልቶዎት ነው?» ይለኛል። አዎ፣ ከብር የበለጠ በልቶኛል አልኩት።

ዳኒ ቆሞ ሰማኝ። አልተቆጣም። ከዚያ፣

«እማዬ፣ በምንድን ነው የሰማሽው?» አለኝ።

በስልክ ነዋ፣ በምን ልስማው?

«ዓመቱን ሙሉ? በዚች?»

ስልኬን ከእጄ ወስዶ አየው። ዓይኑ እንባ ሞላ። ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ። ባንኮኒው ስር ያለውን ትልቁን ስፒከር ከፈተ። ያው ዘፈን።

መጀመሪያ የሰማሁት በጆሮዬ አይደለም። ከወንበሩ እግር ነው የመጣው። ወገቤ ገባ፣ ደረቴ ደረሰ። የባንኮኒው መስተዋት ተንቀጠቀጠ፣ የተደረደሩት ስልኮች ዱብ ዱብ አሉ። ዘፋኟን ተሸክሟት ይሄዳል። ታረፍዳለች፣ ይጠብቃታል። ትቸኩላለች፣ ይይዛታል። ዳኒ ጆሮዬ ስር፣ ስልክ ቤዝ አያወጣም እማዬ፣ ትንሽ ነገር ትልቅ ድምፅ አይችልም፣ ሰሎ ሁልጊዜም እዚያው ነበር፣ አንድም አልነካንበትም አለኝ።

አንድ የባጃጅ ነጂ በሩ ላይ አቁሞ አንገቱን አስገባ። «ቤንጋሊ ነው አይደል? እጁን አውቀዋለሁ» አለ። ሰሎንም መድረክ ላይ እንደ አባቱ ቤንጋሊ ነበር የሚሉት። ማን እንደሆንኩ አያውቅም። እናቱ ናት ሲሉት ከባጃጁ ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ።

ዳኒን ይቅርታ ጠየቅሁት። ተይው እማዬ፣ እኔ ነኝ መጥቼ ማሰማት የነበረብኝ አለኝ። የሐዘን ቤት ስለሆነ ፈርቶ ነው።

ጥቅምት 17

ንዴቴ አልበረደም። ዞሯል እንጂ።

ለማን ብዬ ነው ዓመቱን ሙሉ በነጠላ ተከናንቤ የሰማሁት? ለጎረቤቴ ለእትዬ ዘውዴ አፍ? ሙዚቃ የከፈተች እናት ልጇን አልወደደችም ይላሉ። እነሱ ይላሉ ብዬ ልጄን በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ጓዳዬ ቆሞ እኔ ውጭ ስፈልገው ዓመት አለፈ።

ዓመት ዘፈን አይከፈት ያለው ሰው ልጁ ሙዚቀኛ ሳይሆን ጠበቃ ነበር መሰለኝ።

ብርድ ልብሱን አነሳሁ። አልከፈትኩትም። እጄን ብቻ አሳረፍኩበት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጊታር አንገቱ ተሰብሯል፤ ሊማሊሞ ነው የሰበረው። ጅማቶቹ ግን አሉ።

ጥቅምት 24፣ ከሰዓት

ጥንስሱን ጣልኩ። እጄን ታጥቤ ጻፍኩ። የሕይወት ታሪኩን ራሴ ነው የምጽፈው። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ ይበቃል። ዳኒ የማላውቀውን እየነገረኝ።

ልጅ ሳለ አያ መርሻ ከበሮ እንዳስተማረው ጻፍኩ። በጥምቀት ታቦት ሲሸኝ ከበሮ ይዞ ከወጣቶቹ ፊት እንደነበር። አንድ የፒያሳ ሆቴል ቤዝ የሚመታው ሲጠፋበት ሰሎ በአባቱ ጊታር ገብቶ እዚያው እንደቀረ። ለጥምቀት እንግዳ ሲሞላ እጁ እስኪያብጥ ይሠራ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ጭፈራ ቤቶቹ ይዘጋሉ፣ ያን ጊዜ ስፒከር እየጠገነ ይኖራል። መድረክ ላይ ማን እንበልህ ሲሉት ቤንጋሊ በሉኝ ያለው ራሱ ነው። «ህንዱ» ያለውን ሁሉ እንደ አባቱ ጣቱን አንስቶ ያርማል።

ዳኒ የነገረኝ አንድ ነገር አለ። አዲስ ዘፋኝ መድረክ ላይ ስትደናገጥ ሰሎ ወደ እሷ ይጠጋል። ምንም አይላትም። ቤዙን በእግሯ ስር ያነጥፍላታል አለኝ። እንዲያ ነው ያለኝ። እሱንም ጻፍኩ።

ፋቅሁ፣ ደገምኩ። መጀመሪያው መስመር ላይ ግን አልተቸገርኩም።

ኅዳር 1

አያ መርሻ ቤቴ ድረስ መጣ። ጽፈሻል አሉኝ፣ አንብቢልኝ አለ። አነበብኩለት። ከበሮው ጋ ስደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ልጁ ሸጋ ጆሮ ነበረው፣ አንዴ ያሳየሁትን አይስትም ነበር አለ። ልቤ ራራ።

አያ፣ እሱ የሠራው ያንኑ ነው አልኩት። ማኅሌት ላይ ከበሮ ሲመታ በጆሮህ ነው በደረትህ የምትሰማው? ያንኑ በጅማት አደረገው እንጂ ሌላ ምን አደረገ?

ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ከዚያ ተናገረ። ሙዚቀኛ ነበር ይባል፣ ቤዝም ይባል፣ እኔ ራሴ አነብልሻለሁ፣ በዐውደ ምሕረት። «የአባቱን ስም ግን ተይልኝ። ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

ለካ ጊታሩ አልነበረም። ጊታሩን የሰጠኝ ታፓንን ሊወስድብኝ ነው።

ማስታወሻዬ፣ ላንቺ አልደብቅም፣ ላፍታ እሺ ልል ነበር። በወንድሜ ድምፅ፣ በዚያ ሸጋ ድምፅ፣ የልጄ ሥራ ሰው ሁሉ ፊት ሲነበብ ታየኝ። ቀና ስል የተሰበረውን ጊታር አየሁ። የማን ነው ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልላቸው ነው? የአቶ አድማሱ? አባቴ እኮ ክራርም ነክቶ አያውቅም!

አያ፣ ገበያ ላይ አይደለንም አልኩት። ልጄን ግማሹን አልሸጥም።

ዱላውን አንስቶ ወጣ። ቡናም አልቀመሰ።

ኅዳር 4

ጋሽ ይርጋ መጡ። ድንኳኑና አግዳሚው የዕድር ነው፣ በዕድር ድንኳን ውስጥ የሚነበበውን ደግሞ ጸሐፊው ነው የሚያነበው። መሪጌታ ያልባረኩትን እኔ እንዴት ላንብ አሉኝ። «ሁለት ሕይወት ታሪክ ያለው ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

አልሰማሁም አልኳቸው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቅደዱት።

ሳቁ፣ አዘኑም። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን አይሆንም አሉ።

ድንኳኑ ይቅር። ኅዳር ነው፣ ዝናብ የለም። ግቢዬ ፀሐይ አለው።

ኅዳር 8፣ ከሰዓት

ጠላው ደርሷል። ዳቦው ተጋግሯል። ዳኒ የባንዱን ልጆች ይዞ መጣ፤ ፕላስቲክ ወንበር ከየሆቴሉ ለምነው አምጥተዋል። ዘፋኟም መጣች፣ ሽንኩርት ስትልጥ ዋለች።

የዕድር ሴቶች አይመጡም ብዬ ነበር። መጡ። እትዬ ዘውዴ ሳትቀር ድስቷን ተሸክማ መጣች። ድንኳን የሌለው ተዝካር አይቼ አላውቅም፣ ምነው እንደ ስጥ ፀሐይ ላይ ልታሰጪን ነው አለችኝ። ጥላ ያዢ አልኳት። አፏ እንዳለ ነው፣ እጇ ግን ከሁሉም ይፈጥናል።

ስፒከሩን ወደ ግቢ አወጣነው። እትዬ ዘውዴ አየችው። እኔም አየኋት። ምንም አላለች።

ወስኛለሁ። አንባቢ አልፈልግም። ራሴ አነባለሁ። ዘገምተኛ ነኝ፣ ይጠብቁኝ። ከዚያ ጥቁሩን አውልቄ ለዳኒ ክፈተው እለዋለሁ። ዓመቱ ሞልቷል፣ ከዚህ ወዲያ ማን ይከለክለኛል?

ኅዳር 9፣ ጠዋት

ፍትሐቱ በማለዳ ተፈጸመ። አያ መርሻ በክርስትና ስሙ ጠርቶ ጸለየለት፣ አንዲት ቃል አላጎደለም። በሥራው አላማውም። ወደኔ ግን አላየም።

አሁን ግቢው ሞልቷል። ጋሽ ይርጋ እንኳ መጥተው ጥግ ይዘዋል፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ያ የባጃጅ ነጂም አለ። እኔ ጓዳ ነኝ፣ ወረቀቴን ይዤ። ሳልወጣ ይህችን ብቻ ልጻፍ።

እትዬ ዘውዴ ገብታ ሹክ አለችኝ። መሪጌታ መጥተዋል፣ ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል፣ ግቡ ብንላቸው አይገቡም፣ ሂዱ ብንላቸው አይሄዱም አለች። በመስኮት አየሁት። ጀርባውን ለግቢው ሰጥቶ ዱላው ላይ ተደግፏል።

ይግባ አይግባ የራሱ ጉዳይ ነው። ልመና አልወጣም።

መጀመሪያው መስመር ይህ ነው። ሰሎሞን ታፓን፣ ከአባቱ ከመምህር ታፓን፣ ከእናቱ ከእማዋይሽ አድማሱ። ቤዝ ጊታር ይመታ ነበር። ሰዎች ቤንጋሊ ይሉት ነበር።

ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። የኔ ድምፅ ከአጥሩ ባያልፍ የልጄ ያልፋል፤ እሱ በእግር በኩል ነው የሚገባው። ዳኒ ጠራኝ፣ ልውጣ።